መኪናው «ተረከበኝ» ሲል ማን ይሰማዋል? ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ፍጥነትንና መስመርን በራሳቸው የሚጠብቁ መኪኖች ላይ አሽከርካሪው ሥርዓቱን የሚሽርበት መንገድና ኃላፊነቱ በግልጽ እንዲደነገግ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በተሽከርካሪ ጥገና፣ በቴክኒክ ምርመራና በአሽከርካሪዎች ሥልጠና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚነጋገረው ስለ ባትሪ፣ ስለ ቻርጀርና ስለ መለዋወጫ ነው። ከባትሪው ጋር ተጭኖ የገባው ሌላ ዕቃ ግን ብዙም አልተወራለትም፦ ከፊት መስታወቱ ጀርባ የተለጠፈ ካሜራ፣ ከፓራውልቱ ውስጥ የተደበቀ ራዳር፣ እነሱ ባዩት ላይ ተመሥርቶ ፍሬኑንና መሪውን የሚነካ ኮምፒውተር። ይህ ዕቃ ሲሠራ መኪናውን የሚነዳው ማን ነው? ሳይሠራ ሲቀርስ የሚጠየቀው ማን ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ ገዢው የሚያገኘው መልስ ሻጩ የሚነግረውን ነው። ለሁለተኛው ግን ሕጋችን ብዙ ባለንብረት የማያውቀው ጠንከር ያለ መልስ አለው።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። መኪና ምን ያህል በራሱ እንደሚነዳ በዓለም የሚለካበት መለኪያ ኤስኤኢ ጄ3016 ይባላል፤ ከ0 እስከ 5 ስድስት ደረጃዎች አሉት። በደረጃ 1 መኪናው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያግዛል፤ ወይ ፍጥነቱን ወይ መሪውን። በደረጃ 2 ሁለቱንም አንድ ላይ ያግዛል፤ ከፊት ያለውን ተከትሎ ይፈጥናል፣ ይቀንሳል፣ በሁለቱ ነጭ መስመሮች መሃል ይጓዛል። እስከዚህ ድረስ ነጂው ሰው ነው። እጁን ቢያነሳም ነጂው ሰው ነው። ዓይንን ከመንገድ ማንሳት የሚፈቀደው ከደረጃ 3 ጀምሮ ነው፤ ያውም በተወሰነ መንገድና በተወሰነ ፍጥነት። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2021 በጃፓን፣ መርሴዲስ በ2022 በጀርመን ያወጧቸው የደረጃ 3 ሥርዓቶች ሲጀምሩ የሚያገለግሉት በአውራ ጎዳና ላይ መኪና ሲጨናነቅ ነበር፤ የመርሴዲሱ ጣሪያ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነበር። እኛ ጋ ለጥገናም ለምርመራም የሚመጡልን መኪኖች ሁሉ ደረጃ 2 ወይም ከዚያ በታች ናቸው።

ደላላው ግን «በራሱ ይነዳል» ብሎ ይሸጣል። ይህ አነጋገር መኪናው በተሠራበት አገር እንኳ ችግር አምጥቷል። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2025 በቻይና አንሁዊ ግዛት አንድ ዢያኦሚ ኤስዩ7 በእገዛ ሥርዓቱ በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ለመንገድ ሥራ የተዘጋ መስመር ላይ ደረሰ። መኪናው አስጠነቀቀ፤ ነጂው ተረከበ፤ ጥቂት ሰከንዶች ሳይቆዩ በ97 ኪሎ ሜትር ገደማ ከኮንክሪት አጥር ጋር ተላተመ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የቻይና የኢንዱስትሪና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር አምራቾቹን ሰብስቦ በማስታወቂያቸው ማጋነንን ከለከለ። በ116 ፍጥነት መኪና በሰከንድ 32 ሜትር ይበላል። ሁለት ሰከንድ 64 ሜትር ነው። ሐሳቡ ሌላ ቦታ የነበረ ሰው በዚህ ርቀት ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ተረድቶ፣ መሪ ጨብጦ፣ ፍሬን ረግጦ አይጨርስም። ስለዚህ «አስጠንቅቀነው ነበር» የሚለው የአምራች መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በቂ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ብዙ አሽከርካሪ ሥርዓቱን መሻር ሲባል አንድ ማጥፊያ ያለ ይመስለዋል። የለም። ያሉት ሦስት መሻሪያዎች ናቸው፤ ፍሬን፣ መሪና ነዳጅ መስጫ። (ነዳጅ የማይጠጣ መኪና ላይም «ነዳጅ ስጠው» ማለታችን አልቀረም፤ እኛም በዚሁ እንቀጥላለን።) ሦስቱ የሚሠሩት ሥራ አንድ አይደለም፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ፍሬን ከሁሉም ንጹሑ ነው። ሲረገጥ ክሩዙ፣ ማለትም ፍጥነቱን የሚጠብቀው ሥርዓት፣ ይጠፋል፤ በአብዛኞቹ መኪኖች መኪናውን በመስመሩ መሃል የሚያቆየው መስመር መያዣም አብሮ ይጠፋል። ወጥመዱ ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው የቀድሞውን ፍጥነት አልረሳም። በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ 110 ሞልቶ የመጣ ሰው ክፍያ ጣቢያው ጋ ፍሬን ይዞ ይቆማል፤ ከፍሎ ወጥቶ ከተማ ሲገባ «መልስ» የሚለውን ቁልፍ ቢነካ ኮምፒውተሩ የሚመለሰው ወደ 110 ነው። ከፊቱ መኪና ከሌለ መንደርም ቢሆን ይፈጥናል። በእኛ ሥልጠና ፍሬን ከነኩ በኋላ «መልስ» ከመጫን ይልቅ ፍጥነቱን እንደ አዲስ መሙላትን እንመክራለን።

መሪው ላይ ነገሩ ይጠነክራል። የተባበሩት መንግሥታት (ዩኤን) ደንብ ቁጥር 79 የተባለው የመሪ ደንብ ሰው ሥርዓቱን በመሪ ለመሻር ከ50 ኒውተን በላይ ኃይል እንዳያስፈልገው ያዛል፤ አምስት ኪሎ ጤፍ ለማንሳት የሚበቃ ጉልበት ማለት ነው። ያ ለጤነኛ ክንድ ቀላል ነው፤ የኮምፒውተሩን እጅ ከመሪው ማስለቀቅ ማንም ይችላል። ማስለቀቁ ግን ምን አብሮ ያስቆማል? በብዙ መኪኖች መሪ ሲጠመዘዝ የሚለቀው መስመር መያዣው ብቻ ነው። ክሩዙ ሥራውን ይቀጥላል።

ይህን ከቅርብ እንየው። በፍጥነት መንገዱ ላይ ክሩዝ 100 ላይ ተሞልቶ ከአንድ ሚኒባስ ኋላ በ80 እንጓዛለን። ሚኒባሱ ድንገት ወደ ግራ ይወጣል። ለምን እንደወጣ የሚታየው እሱ ዞር ሲል ነው፤ ጎማ የፈነዳበት አይሱዙ መስመሩ ላይ ቆሟል። በዚህች ቅጽበት ኮምፒውተሩ የሚያየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሲከተለው የነበረው ተሽከርካሪ የለም፤ ስለዚህ ወደ ተሞላለት 100 ለመመለስ ይፈጥናል። ሁለተኛ፣ ከፊት የቆመ ነገር አለ፤ ራዳሩ ግን በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የቆሙ ነገሮችን ከድልድይ፣ ከምልክት ሰሌዳና ከብረት አጥር ለይቶ ለማወቅ ስለሚቸገር ብዙዎቹን ሆነ ብሎ ይተዋቸዋል። የአምራቾቹ መመሪያ መጽሐፎች ራሳቸው «ለቆሙ ተሽከርካሪዎች ላይቆም ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ የሚያትሙት ለዚህ ነው። አሽከርካሪው በደመ ነፍስ መሪውን ይጠመዝዛል፤ መስመር መያዣው ይለቃል፤ ክሩዙ ግን እየፈጠነ ነው። ሰውየው አይሱዙን አልፎ መኪናውን ሊያረጋጋ በሚታገልበት ሰዓት እግሩ ያላዘዘው ጉልበት ከኋላ ይገፋዋል። «መኪናው እምቢ አለኝ» ብለው የሚናገሩት ይህን ነው። እምቢ አላለም፤ የሻሩት ግማሹን ብቻ ስለሆነ ነው። ትክክለኛው እንቅስቃሴ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ መሪ ነው። ይህን ደግሞ በአንድ ቀን ተነግሮት የሚያስታውስ የለም፤ በልምምድ እግር ውስጥ መግባት አለበት።

ፍሬኑ ራሱ የሚይዘው ልክም መታወቅ አለበት። ክሩዝ በተለመደው መስፈርት በከፍተኛ ፍጥነት ሲቀንስ ከ3.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ በላይ አይጫንም፤ ተሳፋሪ እንዳይደነግጥ ታስቦ የተበጀ ልክ ነው። በዚህ ልክ ከ100 ለመቆም 110 ሜትር ያስፈልጋል። ሰው በደረቅ አስፋልት በሙሉ እግሩ ሲረግጥ 8 ያህል ያገኛል፤ ያን ጊዜ 48 ሜትር ይበቃዋል። መሃል ላይ ያለው 62 ሜትር የአሽከርካሪው ድርሻ ነው። አደጋ ሲቃረብ የሚነቃው ድንገተኛ ፍሬን ከክሩዙ የተለየ ሥርዓት ነው፤ ጠንክሮ ይይዛል፤ ነገር ግን የሚነቃው ዘግይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜም የተሠራው ግጭቱን ለማቅለል እንጂ ሙሉ በሙሉ ለማስቀረት አይደለም።

ሦስተኛው መሻሪያ ነዳጅ መስጫው ነው፤ መሻሪያ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እግር ነዳጅ ላይ እስካለ ድረስ ክሩዙ ለፊተኛው መኪና ብሎ ፍሬን አይዝም፤ «ነጂው ልለፍ ብሏል» ብሎ ይተረጉመዋል። በጠንካራው ከተረገጠ ድንገተኛ ፍሬኑንም ሊያግደው ይችላል። እግር ሲነሳ ክሩዙ ወዲያው ይመለሳል። ሰሌዳው ላይ የሚታየው ለውጥ አንዲት ትንሽ ምልክት ቀለሟን መቀየሯ ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 በፍሎሪዳ ኪ ላርጎ የሆነው ይኸው ነበር። የቴስላ ነጂ ኦቶፓይለት የተባለውን የእገዛ ሥርዓት አብርቶ ሲጓዝ ስልኩ ከእጁ ወደቀ፤ ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ እግሩ ነዳጅ ላይ ነበር። መኪናው የቁም ምልክት አልፎ መንገዱ ከሚያበቃበት መጋጠሚያ ባሻገር የቆመ መኪና መታ። አጠገቡ ቆማ የነበረች ወጣት ሞተች፤ ጓደኛዋ ክፉኛ ቆሰለ። ነጂው ጥፋቱን አምኗል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 በማያሚ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኝነት የተቀመጡ ዜጎች ጥፋቱን ለሁለት ከፈሉት፦ 67 በመቶ ለነጂው፣ 33 በመቶ ለአምራቹ። አምራቹ ላይ ከቅጣት ካሳው ጋር የተወሰነው ወደ 243 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ክፍፍሉ ለእኛም ይቀዳ ለማለት አይደለም። ጥፋትን እንዲህ በመቶኛ ከፍሎ መመዘን የተቻለው መኪናው የነጂው እግር የት እንደነበር፣ ሥርዓቱ በርቶ እንደነበር፣ ምን እንዳየ መዝግቦ ስለነበረ ነው። እኛ ጋ ተመሳሳይ አደጋ ቢደርስ የትራፊክ ፖሊሱ የሚያነሳው ፕላን የጎማ ፍሬን ምልክትና የቆመበትን ቦታ ያሳያል፤ መሪው በማን እጅ እንደነበር አያሳይም።

እጅ መሪ ላይ መኖሩን መኪናው የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የመሪ ዘንግ ላይ ያለ የመጠምዘዝ መለኪያ ነው፤ ሰው ትንሽ ካልነቀነቀው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በሁለት እጁ ይዞትም «እጅ የለም» ይላል። ሌላው መሪው ሽፋን ውስጥ ያለ ንክኪ መለኪያ ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት ለማታለል መሪው ላይ ክብደት የሚያንጠለጥሉ ሰዎች አሉ። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚሁ የተሠራ ማግኔት ከገበያ እንዲወጣ አዟል። የውሃ ጠርሙስ መሪ ላይ ያሰረ ሰው ሥርዓቱን አልሻረም፤ እንዲጠብቀው የተቀመጠለትን ዘበኛ አስተኛ። ደንብ 79 እንኳ የመጀመሪያውን የዓይን ማስጠንቀቂያ እስከ 15 ሰከንድ፣ የድምፁን እስከ 30 ሰከንድ እንዲዘገይ ይፈቅዳል። በ100 ፍጥነት 15 ሰከንድ 417 ሜትር ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ደግሞ በዚህ ደንብ የመመዘን ግዴታ የለበትም፤ ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 የተደረገው የዩኤን የተሽከርካሪ ስምምነት አባል አይደለችም።

እዚህ ላይ የእኛ የራሳችን ችግር ይመጣል። የአንዳንዱ መኪና ሰሌዳ የሚናገረው ቻይንኛ ነው። ቀይ ጽሑፍ ይበራል፣ ይጮኻል፤ ነጂው የሚያየው ስዕል የሚመስል ፊደል ነው። ጽሑፉ «አሁኑኑ ይረከቡ» ይሁን «የፊት ካሜራ ታውሯል» ወይም «የጎማ ንፋስ አንሷል» ይሁን በምን ይለየዋል? ሰው መጀመሪያ ይፈራል፣ ቀጥሎ ይለምደዋል፣ መጨረሻ ላይ ጨርሶ አይሰማውም። አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ እናደርግልሃለን የሚሉ ሰዎች በላፕቶፕ የሚጭኑት ፕሮግራም የሚለውጠው ብዙ ጊዜ የመሃሉን ትልቅ ስክሪን ነው። ማስጠንቀቂያው የሚወጣው ግን ከመሪው ጀርባ ባለችው ትንሿ ሰሌዳ ላይ ነው፤ እሷ ቻይንኛዋን ትቀጥላለች። አምራቹ በኢንተርኔት የሚልከው ማስተካከያም ከአገሩ ውጭ ለወጣ መኪና ላይደርስ ይችላል፤ እዚያ የታረመ ስህተት እዚህ ሳይታረም ይኖራል።

መንገዳችንም ካሜራው ከሠለጠነበት መንገድ ይለያል። መስመር መያዣው ነጭ ቀለም ይፈልጋል። ቀለሙ ሲጠፋ፣ አሮጌና አዲስ መስመር ሲደራረብ፣ ወይም ዝናብ ያጠበው አስፋልት መብራት ሲያንጸባርቅ ካሜራው የያዘውን ይለቃል፤ የሚለቀውም አንዳንዴ በዝምታ ነው፤ አረንጓዴዋ የመሪ ምልክት ግራጫ ትሆናለች፤ ድምፅ የለም። ጠዋት ከምሥራቅ፣ ማታ ከምዕራብ ዝቅ ያለ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታ እንዲሁ ነው። ጭነት የተከመረበት አህያ ከጎን ሲገባ ወይም ባጃጅ በጠባብ ክፍተት ሲሰነቀር ምን ብሎ እንደሚመድበው አናውቅም፤ ሲሳሳትም ሲሳካለትም አይተናል። ስለዚህ ለሠልጣኞች የምንሰጠው ምክር ደረቅ ነው፦ መስመር መያዣ የሚበራው ሁለቱም መስመሮች በግልጽ በሚታዩበት የፍጥነት መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ በከተማና በገጠር መንገድ ይጠፋል። ድንገተኛ ፍሬኑ ግን የትም አይጠፋም።

ጋራዡም ድርሻ አለው። የፊት መስታወት በድንጋይ ሲሰነጠቅ ይቀየራል፤ ካሜራው ይነቀላል፣ በአዲሱ ላይ ይለጠፋል፣ መኪናው ይወጣል። አንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ በ50 ሜትር ርቀት ላይ 87 ሳንቲ ሜትር፣ በ100 ሜትር ላይ 1.75 ሜትር ይስታል። 1.75 ሜትር የአንድ መስመር ግማሽ ነው፤ ካሜራው በጎረቤት መስመር የሚሄደውን መኪና የእኔ ነው ብሎ ፍሬን ይይዛል፤ የፊቱን ደግሞ የጎረቤት ነው ብሎ ይተወዋል። ማስተካከያው የሚሠራው በተለካ ሰሌዳና ርቀት ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ ወይም እንደ መኪናው ዓይነት በስካነር ተከፍቶ ጥርት ባለ መስመር ላይ በመንዳት ነው። ራዳሩም እንዲሁ ነው። የተጋጨ ፓራውልት በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተለስኖ፣ ቀለም ተነፍቶ ያምራል፤ ስቱኮውና የቀለሙ ውፍረት ግን ሞገዱን ያፍነዋል። የፊት ታርጋ ወይም የጌጥ ብረት ራዳሩ ላይ ሲታሰርም ተመሳሳይ ነው። ሰሌዳው ላይ ስህተት ካልበራ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ መሥራቱን እንጂ ወዴት እንደሚያይ ሁልጊዜ አያውቅም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። የሚያመልጠው ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። አንቀጽ 2086 ደግሞ «ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ማስቀረት አልችልም ነበር»፣ «የሦስተኛ ወገን ጥፋት ነው» የሚሉትን መከላከያዎች ይዘጋበታል፤ የሚከፍትለት የተጎጂው ጥፋት ሲኖር ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ነው» የሚል ባለንብረት በካሳ ጉዳይ የሚቆምበት መሬት የለውም። መኪናውን ለሜትር ታክሲ ሥራ ለሰው ሰጥቶ የሚያድር ሁሉ ይህን ይወቅ።

ነጂው በወንጀል የሚጠየቀው በሌላ በር ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ያስቀጣል፤ እንደ ሐኪምና አሽከርካሪ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሲሆን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት፣ ግልጽ ደንብን ሆነ ብሎ ሲጥስ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሞት ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት። እዚህ ላይ «ግልጽ ደንብ» የሚለው ሐረግ ክብደት አለው። እጅ ከመሪ አይነሳም፣ ማስጠንቀቂያ አይታለልም የሚል ድንጋጌ በግልጽ ከተጻፈ ጠርሙስ ያሰረው ሰው ከሌላው ይለያል። ካልተጻፈ ግን ዳኛው ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ሊያስቀምጣቸው ይገደዳል፤ የማያነበው ፊደል የበራበትንና መሪው ላይ ጠርሙስ ያሰረውን።

አምራቹስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ የሚያቀርብ ሰው በተለመደው አጠቃቀም ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታይ የሚችል ካልሆነ። አምራቹ ግን ባሕር ማዶ ነው፤ መኪናውን ለእኛ ገበያ አልሠራውም፤ «በተለመደው አጠቃቀም» የሚለውን ከቻይና ውጭ በመነዳቱ ሊከራከርበት ይችላል። እጃችን የሚደርሰው አስመጪው ዘንድ ነው። በአሜሪካ ዓሪዞና ቴምፒ እ.ኤ.አ. በማርች 2018 የኡበር በራሱ የሚነዳ የሙከራ መኪና መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገድሏል፤ ሥርዓቱ ሴትዮዋን 5.6 ሰከንድ ቀድሞ አይቷት ነበር፤ ምን እንደሆነች ግን መወሰን አቃተው፤ የመኪናው የራሱ ድንገተኛ ፍሬን ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነዳ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። በወንጀል የተፈረደባት ግን ወንበሩ ላይ የነበረችው የኩባንያው ሠራተኛ ብቻ ናት። ደንብ ሲጎድል ኃላፊነት ሁሉ ወደ ወንበሩ ይንሸራተታል፤ ጥያቄያችንን የምናቀርበው ይህን አይተን ነው።

የምንጠይቀው መኪናው ሲመዘገብ ይጀምራል። የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር በሚጻፍበት ሊብሬ ላይ፣ ካልሆነም አብሮት በሚያዝ ቅጽ ላይ፣ መኪናው ተከታይ ክሩዝ፣ መስመር መያዣ፣ ድንገተኛ ፍሬን፣ የነጂ መከታተያ ካሜራና የአደጋ መመዝገቢያ ያለው መሆን አለመሆኑ ይመዝገብ። አምስት ሳጥን ነው። ይህ ከሌለ ፖሊሱም፣ መድን ድርጅቱም፣ ያገለገለ መኪና ገዢውም ምን እንደሚጠይቁ አያውቁም።

አስመጪው መኪና ሲያስረክብ ከመሪው ጀርባ ያለችው ሰሌዳ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ እንድታሳይ ይገደድ። አምራቹ የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ማስጠንቀቂያዎች በምስላቸውና በአማርኛ ትርጉማቸው በአንድ የተለበደ ወረቀት ታትመው ለገዢው በፊርማ ይሰጡ። ወረቀቱ ስክሪኑን አይተካም፤ ግን ከምንም ይሻላል። በዚያው ወረቀት ጀርባ ሦስቱ መሻሪያዎች በዚያ መኪና ላይ ምን እንደሚያጠፉና ምን እንደማያጠፉ ይጻፍ። በማስታወቂያ ላይ «በራሱ የሚነዳ» የሚለው ለደረጃ 2 መኪና ይከልከል። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብቱ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ላይ ቀድሞም አለ፤ አዲስ ሕግ አይጠይቅም።

ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ላይ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ይጨመር። መኪናው ሲነሳ የእገዛ ሥርዓቶቹ መብራት በርቶ መጥፋቱ፣ ካሜራው ፊት ያለው መስታወት አለመሰንጠቁና በተለጣፊ አለመሸፈኑ፣ ራዳሩ ፊት ታርጋ ወይም ብረት አለመታሰሩ። የፊት መስታወት ወይም ፓራውልት የቀየረ ጋራዥ የማስተካከያ ውጤቱን በወረቀት ይስጥ፤ መሣሪያው የሌለው ጋራዥ ሥርዓቱን በግልጽ አጥፍቶ፣ መጥፋቱን ለባለንብረቱ ጽፎ ይስጥ። የመድን ኩባንያዎች የጥገና ክፍያ ሲያጸድቁ የማስተካከያውን ዋጋ ቢያካትቱ ጋራዦቹ በአንድ ዓመት ውስጥ መሣሪያ ያስገባሉ ብለን እናምናለን፤ ገንዘቡ ካልመጣ ማንም አይገዛውም።

ለመንጃ ፈቃድ ሥልጠና የምንጠይቀው የአንድ ሰዓት የተግባር ትምህርት ነው። ባዶና ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ክሩዙንና መስመር መያዣውን አብርቶ ፍሬን በጫፍ መንካት፤ ምን ጠፋ? ሁለቱም ወይስ አንዱ? እንደገና አብርቶ መሪውን ቀስ ብሎ መጠምዘዝ፤ ፍጥነቱ ወረደ ወይስ ቀጠለ? ለሦስተኛ ጊዜ አብርቶ ነዳጅ ትንሽ መስጠትና ምልክቷ ቀለም ስትቀይር ማየት፣ ከዚያ እግር አንስቶ ክሩዙ መመለሱን መቁጠር። በመጨረሻም መኪና ሲያምፅ የሚደረገውን፦ ፍሬን በሙሉ ኃይል፤ ፍሬኑ ካልያዘ በአብዛኞቹ መኪኖች የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ማብሪያውን ስቦ ሳይለቁ መያዝ። ማብሪያውን ነክቶ መልቀቅ ምንም አይሠራም፤ ተይዞ ሲቆይ ግን መኪናውን ያቆማል። መኪና የቀየረ ነጂ ሁሉ ይህን ሙከራ በአዲሱ መኪና እንደገና ያድርገው፤ የአንዱ አምራች ልማድ በሌላው አይሠራም።

የመጨረሻው ጥያቄያችን አደጋው ከደረሰ በኋላ ያለውን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በቻይና የሚመረቱ አዳዲስ የመንገደኛ መኪኖች የአደጋ መመዝገቢያ እንዲኖራቸው ተደንግጓል። መመዝገቢያው ከግጭቱ በፊት ያሉትን 5 ሰከንዶች ያህል ይይዛል፤ ፍጥነት፣ ፍሬን መረገጥ አለመረገጡ፣ የነዳጅ መስጫው ሁኔታ። ኤርባግ ከፈነዳ መረጃው ይቆለፋል። ኤርባግ ካልፈነዳ ግን በኋላ በሚመጣ ሌላ ክስተት ሊሸፈን ይችላል፤ መኪናውን ነድቶ ወደ ጋራዥ መውሰድ፣ ሶፍትዌሩን ማደስ፣ የስህተት ኮዶችን በስካነር መደምሰስ ማስረጃ ያጠፋል። ስለዚህ ሰው በሞተበት ወይም ክፉኛ በቆሰለበት አደጋ ፖሊስ መረጃውን እስኪያነብ መኪናው እንዳይነሳ፣ በስካነርም እንዳይነካ፣ ሰሌዳው በርቶ ከተገኘ በምልክቶቹ ፎቶ እንዲነሳ ለመርማሪዎች አንድ ገጽ መመሪያ ይውጣ። በአደጋ ቅጹ ላይም ሦስት መስመር ይጨመር፦ ሥርዓቱ በርቶ ነበር ወይ? ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር ወይ? ነጂው የሻረው በፍሬን፣ በመሪ ወይስ በነዳጅ ነው? ማንበቢያ መሣሪያው ውድ ስለሆነ በየወረዳው አይጠበቅም፤ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ባሉ የምርመራ ክፍሎች ጥቂት ቢኖሩ ይበቃል። የመመዝገቢያው ባለቤት የመኪናው ባለንብረት መሆኑ፣ ፖሊስ የሚያነበውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በባለንብረቱ ፈቃድ መሆኑ አብሮ ቢጻፍ ደግሞ ነገ ለሚነሳ ክርክር መልስ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ ሚኒስቴሩ የባለሙያ ቡድን ካቋቋመ የማስተካከያ መለኪያዎቹን፣ የሥልጠናውን ቅደም ተከተልና የማስጠንቀቂያዎቹን የአማርኛ ትርጉም ያለ ክፍያ አዘጋጅተን ለማቅረብ ዝግጁ ነን።

ከሰላምታ ጋር

በተሽከርካሪ ጥገና፣ ምርመራና በአሽከርካሪዎች ሥልጠና የተሰማራን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለተሽከርካሪ አስመጪዎች
ለመድን ኩባንያዎች
ለአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ተቋማት